"ስብ ያቀልጣል" የሚባለው ሻይና ካፕሱል ሰውነት ውስጥ የቱ ጋ ነው የሚሠራው?

የሳቢያን ፋርማሲስት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ላይ ከቀፊራ እስከ ታይዋን ገበያ "ስብ ያቀልጣል"፣ "ኮሌስትሮል ያጥባል" የሚባል ነገር የማይሸጥበት ሱቅ እየጠፋ ነው። ሰው ይገዛል፣ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደኛ መጥቶ "ከኪኒኔ ጋር ይጋጫል ወይ?" ይላል። የሚመጣው ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው የከረጢት ሻይ ነው። ጀርባው ላይ ሰናመኪ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ዝንጅብል ይላል፤ የአንዱም መጠን አልተጻፈም። ሁለተኛው ካፕሱል ነው፤ ጋርሲኒያ ካምቦጂያ የሚባል ፍሬና የአረንጓዴ ሻይ ኤክስትራክት (ንጥረ ነገሩ ተለይቶ የተከማቸ)፣ "በቀን ሁለት ጊዜ በባዶ ሆድ" የሚል። ሦስተኛው ከጓዳ የሚወጣው፦ ተልባ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቼቶ።

ለመነጋገሪያ ያህል እንዲህ ያለች ታካሚ እናስብ። 54 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ለኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ታዞላታል። ውጤቷ በሚሊግራም በዴሲሊትር ጠቅላላ ኮሌስትሮል 238፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል) 42፣ ትራይግሊሰራይድ 260 ነው።

የበላነው ስብ በሚያልፍበት መንገድ ላይ እነዚህ ነገሮች የቱ ጋ ነው የሚገቡት? የጓዳዎቹ በምን መጠን ቢወሰዱ ነው ለውጥ የሚያመጡት? ከመድኃኒቶቹ ጋር የሚጋጨውስ የትኛው ነው? "ሐኪም አማክሩ" የሚለውን እኔም እላለሁ፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ይጻፍልኝ።

ኤረር በር፦

መጀመሪያ መንገዱን እናስቀምጥ፤ የትኛው የት እንደሚገባ ከዚያ በኋላ ራሱ ይታያል።

የምንበላው ስብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትራይግሊሰራይድ ነው፤ አንድ ግሊሰሮል ላይ ሦስት ፋቲ አሲድ የተያያዙበት። ቅቤም ይሁን የኑግ ዘይት፣ ልዩነቱ የፋቲ አሲዶቹ ዓይነት ነው እንጂ አፈጫጨቱ አንድ ነው። ጨጓራ ውስጥ ጥቂቱ ይፈርሳል። ዋናው ሥራ የሚጀመረው ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሲወርድ ነው። ስብ መድረሱን የአንጀቱ ግድግዳ ሲያውቅ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ የሐሞት ከረጢት እንዲጨመቅ፣ ቆሽትም ኢንዛይም እንዲያፈስ ያደርጋል። ሐሞት ስቡን አያፈርሰውም፤ ጥቃቅን ጠብታ አድርጎ ይበትነዋል እንጂ። የሚያፈርሰው የቆሽት ላይፔዝ ነው። ከሦስቱ ፋቲ አሲዶች የዳርና የዳሩን ይቆርጥና መካከለኛውን ግሊሰሮሉ ላይ ይተወዋል። ቁርጥራጮቹ በሐሞት ጨው ተከበው ወደ አንጀቱ ሴል ይጠጋሉ፣ ይገባሉ።

ሴሉ ውስጥ እንደገና ይገጣጠሙና ካይሎማይክሮን በሚባል ጥቅል ተጭነው ይወጣሉ። ስኳርና አሚኖ አሲድ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ነው የሚሄዱት። ረጃጅሞቹ ፋቲ አሲዶች ግን ጉበትን ዘልለው በሊምፍ ሥር ደረት ውስጥ ለውስጥ ወጥተው፣ አንገት ሥር ደሙን ይቀላቀላሉ። ከምግብ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ ጫፍ ይደርሳል። ጠዋት ፈቲራ በማርና በቅቤ በልቶ ላብራቶሪ የሄደ ሰው ሴረሙ ደፍርሶ ቢወጣ አይገርምም። ከዚያ ጡንቻና የስብ ሴል አጠገብ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያለ ሌላ ላይፔዝ ጥቅሉን ያራግፈዋል። የቀረው ቅሪት ወደ ጉበት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ለጥያቄህ የሚሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። ጤነኛ አንጀት ከቀረበለት ስብ ከ95 ፐርሰንት በላይ ይወስዳል፤ ይህም የሚያልቀው ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። ሌላው፣ የሐሞት ጨው ሥራውን ሲጨርስ አይጣልም፤ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ 95 ፐርሰንት ገደማው ተመልሶ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት በሰገራ የጠፋውን ብቻ ከኮሌስትሮል እየሠራ ይተካል። ስለዚህ የሐሞት ጨውን ይዞ በሰገራ የሚወጣ ነገር ከበላህ ጉበት መተኪያ ስለሚያጥረው ኤልዲኤሉን (መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል) ከደም ይስባል። ከጓዳው ዝርዝር እውነተኛ ሥራ የሚሠራው በዋናነት በዚህ በር ነው።

ቦርጭ ላይ የተቀመጠው ስብ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ከሴሉ የሚያወጣው የኢንሱሊን መውረድና የጉልበት ፍላጎት ነው። ፋቲ አሲዱ ወጥቶ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይቃጠላል። 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ፣ 1.6 ኪሎው ውሃ ሆኖ ይወጣል። በሰገራ "ቀልጦ" የሚወጣ የቦርጭ ስብ የሚባል ነገር የለም። በላብም እንደዚያው፤ ላብ ስብ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ድሬ ላይ ቦርጫም አይገኝም ነበር።

ለገሀሬ፦

ኤረር በር መንገዱን ስላስቀመጠው ሰናመኪን ማስረዳት ቀላል ነው፤ መንገዱ ላይ የለም። ሴኖሳይድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮቹ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ድረስ ይወርዳሉ፤ የሚነቁት እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲቆርጧቸው ነው። አንጀቱን ያነቃንቁታል፣ ውሃ እንዳይመጥም ያደርጉታል። ይህ የሚሆነው ከተጠጣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የእራቱ ስብ ሊምፍ ውስጥ ገብቶ አልፏል፤ ባቡሩ አይሻን ካለፈ በኋላ ድሬ ጣቢያ ላይ ፍተሻ እንደማድረግ ነው። ሚዛን ላይ የጎደለው ውሃና ሰገራ ነው፣ ሻዩ ሲቆም ይመለሳል።

የሚጎዳው ፖታሲየም ላይ ነው። በየቀኑ ለሳምንታት ሲጠጣ ፖታሲየም ይወርዳል፦ የእግር ቁርጥማት፣ ድካም፣ የልብ ምት መዛባት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ የሚባሉትን የሚያሸኑ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ላይ ይደረብበታል፤ ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት ካለ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ለምሳሌዋ ታካሚ የማስበው ሌላ ነው። ሜትፎርሚን በራሱ ሆድ ያላላል። ሰናመኪ ሲጨመርበት፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ላይ፣ ሰውነቷ ውሃ ያጥረዋል፣ ኩላሊቷ ይደክማል፣ ሜትፎርሚኑ ይጠራቀማል። ተቅማጥ ሲበረታ ሜትፎርሚን ለጊዜው እንዲቆም የሚመከረው ለዚህ ነው። ሰናመኪ ለድርቀት መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ታውቆ፣ ለጥቂት ቀናት። መጠን ያልተጻፈበት ከረጢት 5 ደቂቃ ሲዘፈዘፍና 20 ደቂቃ ሲዘፈዘፍ አንድ ነገር አይደለም።

ጋርሲኒያ። ሃይድሮክሲሲትሪክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገሩ ሰውነት ከስኳር ስብ ሲሠራ የሚጠቀምበትን አንድ ኢንዛይም ያግዳል ተብሎ ነው የሚሸጠው። በቤተ ሙከራ እውነት ነው። ነገር ግን ቅቤውና ዘይቱ ስብ ሆነው ተሠርተው የመጡ ናቸው፤ ያ ኢንዛይም አያስፈልጋቸውም። ሰው ላይ ሲሞከር የክብደት ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም፤ በአንጻሩ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል።

አረንጓዴ ሻይ በስኒ ሲጠጣ ክፉ ነገር የለውም። ችግሩ ኤክስትራክቱ ነው። አንድ ስኒ ውስጥ ኢጂሲጂ የሚባለው ንጥረ ነገር ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ካፕሱል ላይ ግን በአንድ ጉርሻ ብዙ መቶ ሚሊግራም ይመጣል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በማሟያ መልክ ሲወሰድ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ይላል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው መጠን በእጅጉ ይጨምራል። "በባዶ ሆድ" ብሎ ያተመው ሰው ከሁሉም የከፋውን ሰዓት ነው የመረጠው። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት የጠቆረ ሻይ ሲመስል፣ ቀኝ የጎን አጥንት ሥር ሲያም፣ ያለ ምክንያት ቆዳ ሲያሳክክ ካፕሱሉ በዚያው ቀን ይቁም፣ ኤኤልቲና ቢሊሩቢን (የጉበት ምርመራዎች) ይታይ።

"ምግብ አስጠላኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ አፌ ደረቀ፣ ልቤ ይመታል" የሚል ሰው ሲመጣ ዕፅ ብቻ አይደለም ብላችሁ ጠርጥሩ። ሲቡትራሚን በአውሮፓም በአሜሪካም በልብ ችግርና በስትሮክ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ የወጣ የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ነው። "ንጹሕ ዕፅዋት" በሚል ካፕሱል ውስጥ ተደብቆ በተለያየ አገር በተደጋጋሚ ተይዟል። በሁለት ቀን የምግብ ፍላጎት የዘጋ ካፕሱል ቅጠል ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ከላዩ ጫት ሲጨመር ደግሞ የደም ግፊቱን ማሰብ ነው። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖንም ያንኑ ሥራ ይሠራል፦ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልብ ያስሮጣል።

የሚጋጩት፦

አብሽ ከግሊቤንክላማይድና ከኢንሱሊን ጋር ስኳር ያወርዳል። ይከልከል ሳይሆን ቀስ ተብሎ ይጀመር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስኳሩ በተደጋጋሚ ይለካ።

"ቀይ የሩዝ እርሾ" የሚል ካፕሱል ከውጭ ይመጣል። ሞናኮሊን ኬ ይላል፤ ይህ ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች አንዱ፣ ሎቫስታቲን ራሱ ነው። አቶርቫስታቲን እየዋጡ እሱን መጨመር ስታቲን በስታቲን ላይ ነው። ጡንቻ ላይ ሕመም፣ የጠቆረ ሽንት ከመጣ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ በካፕሱልና በዘይት መልክ ደም እንዳይረጋ ከሚያደርጉት ከዋርፋሪን፣ ከአስፕሪንና ከክሎፒዶግሬል ጋር የመድማት ዕድል ይጨምራሉ። ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው ከ2 ሳምንት በፊት ያቁም። ወጥ ውስጥ የሚገባውን ማንም አይነካውም።

ግሬፕ ፍሩት ከአቶርቫስታቲንና በተለይ ከሲምቫስታቲን ጋር አይሆንም፤ የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ብርቱካንና ሎሚ እንደዚህ አያደርጉም።

አሸዋ፦

አቼቶውን ዘለላችሁት አቦ። ጠዋት በባዶ ሆድ ሳይበረዝ የሚጨልጠው ብዙ ነው።

ለገሀሬ፦

ልክ ነህ። አቼቶ ስብ ላይ ምንም አይሠራም። አሴቲክ አሲዱ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ስለሚያደርግ ከእንጀራ ወይም ከሩዝ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ትንሽ ያለዝባል፤ ያ ነው ሁሉ ነገሩ። የፈለገ ሰው 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በርዞ ከምግብ ጋር ይጠጣ። ሳይበረዝ የጥርስ ሽፋን ይበላል፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ከጠጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥርስ መፋቅ የለሰለሰውን ሽፋን መግፈፍ ነው። ከስኳር ብዛት ጨጓራው የዘገየበት ሰው ጭራሽ ይተወው።

ደቻቱ፦

በምግቡ በኩል እኔ ልግባ። ከጓዳው ዝርዝር ተልባን አስቀድማለሁ፤ ከገብስ ጋር። አብሽ ሦስተኛ ነው። የቀሩት ማጣፈጫ ናቸው።

ተልባ። የሚሠራው ሙጫው ነው፤ ውሃ ሲነካው የሚያጣብቀው። አንጀት ውስጥ የሐሞት ጨውን ይዞ ይወርዳል። ጥናቶቹ ላይ የሚሠራበት መጠን በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ነው፤ 4 የሾርባ ማንኪያ ገደማ። ውስጡ 8 ግራም ያህል አሰር (ፋይበር) አለ። 160 ኪሎካሎሪም አለው፤ ከሌላ ምግብ ላይ ካልተቀነሰ ክብደት ይጨምራል። 500 ሚሊግራም የተልባ ካፕሱል የሚሸጥ ሰው 60 ፍሬ በቀን አስውጣለሁ ካላለ በቀር ለኮሌስትሮል የሚሆን ነገር አልሸጠም።

አዘገጃጀቱ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንደገባ ይወጣል። ሳስ ባለ እሳት መንጣጣት እስኪጀምር ብቻ ይቆላል፣ ሳይጠቁር ይወርዳል፣ ይፈጫል። ሁለተኛ፣ በጥብጦ፣ አጥልሎ፣ ውሃውን ብቻ መጠጣት። ሙጫው በከፊል ከውሃው ጋር ይወጣል፤ ዘይቱና የቀረው አሰር ግን አንቡላው ላይ ቀርቶ ይደፋል። ከነአንቡላው ይጠጣ። ሦስተኛው የድሬ ጉዳይ ነው። የተልባ ዘይት ግማሹና ከዚያ በላዩ ኦሜጋ 3 ስለሆነ አየርና ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል። እዚህ ሙቀት ላይ ተፈጭቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ተልባ ብዙ አይቆይም። ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፈጭቶ፣ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ማሰሮ ወይም ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሲከፈት የዘይት ቀለም ከሸተተ ይጣል። ሐረር ላይ ቅዝቃዜው ትንሽ ጊዜ ይሰጣል።

አጀማመሩ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን 1 ማንኪያ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ። አንድ ማንኪያ ቢያንስ በአንድ ብርጭቆ ውሃ። ደረቁን ቅሞ ትንሽ ውሃ ማስከተል አንጀት እስከመዝጋት ያደርሳል። አንጀቱ የጠበበ ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሳይጠይቅ አይጀምር። ጭማቂ ቤት የሚሸጠው ተልባ በስኳርና በማር የታጀበ ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ላለበት ሰው ጥቅሙን በዚያው ጠርሙስ ይመልሰዋል።

ገብስ። ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰሩ በቀን 3 ግራም ሲደርስ ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ያወርዳል። 3 ግራም ለማግኘት ከ60 እስከ 75 ግራም ደረቅ ገብስ ይበቃል። አጃም ያንኑ ይሠራል። በሮመዳን ለማፍጠሪያ የሚሠራውን ሹርባ በገብስ ወይም በአጃ አድርጎ፣ ሥጋውን ቀጭን ይዞ መሥራት ያለ ምንም ካፕሱል ሥራውን ይሠራል። ቅንጬም ይሆናል፤ ቅቤ እላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ ካልፈሰሰበት። በሶን በቅቤ ማሸት ግን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው።

አብሽ። ኮሌስትሮሉም ስኳሩም ላይ የሚሠራው ጋላክቶማናን የሚባለው የሚያብጠው አሰሩ ነው። ፍሬውን አሳድሮ "የአብሽ ውሃ" ብቻ መጠጣት ምሬቱን መጠጣት ነው፤ አሰሩ ፍሬው ላይ ቀርቷል። ሐረር ላይ ሁልበት የሚሠራበት ዘዴ ይሻላል። ዱቄቱ በብዙ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከላይ የሚያቀረው መራራ ውሃ ተደፍቶ ይቀየራል፣ የረጋው ነጭ እስኪሆንና እስኪነፋ ይመታል። በዚህ መልክ ምሬቱ ይሄዳል፣ አሰሩ ይቀራል። ጥናቶቹ የተጠቀሙት ከ10 ግራም ጀምሮ ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያ በላይ። ከ5 ግራም ተጀምሮ ይታይ፤ ቶሎ ከበዛ ሆድ ይነፋል። ላብና ሽንት የተቃጠለ ስኳር ዓይነት ጠረን ቢያመጣ አያስደነግጥ። ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ የሚያሳክከው ሰው ይጠንቀቅ፤ ዘመዳሞች ናቸው። እርጉዝ ሴት በምግብ ካለው በላይ አትውሰድ።

ጥቁር አዝሙድ፣ ሀበሱዳ የምንለው፣ በቀን ከ1 እስከ 3 ግራም ዱቄት ለሁለት ሦስት ወር ሲወሰድ ኤልዲኤልና ትራይግሊሰራይድን ጥቂት ዝቅ እንዳደረገ ጥናቶች አሉ። ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ተብሎ በሚሸጠው ልክ ግን አይደለም። ነጭ ሽንኩርትም ለውጡ ትንሽ ነው። የሚጠቀም ሰው ጨፍልቆ 10 ደቂቃ ይተወው፣ ከዚያ ወጡ ላይ ይጨምረው። ሳይጨፈለቅ የተቀቀለ አሊሲን አይሠራም፤ ኢንዛይሙ በሙቀቱ ሞቷል።

አንድ ያልተጠየቀ ነገር ልጨምር፣ ከካፕሱሉ ሁሉ ስለሚበልጥ። ቤት ውስጥ ያለው ዘይት ምንድን ነው? የፓልም ዘይት ፋቲ አሲዱ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው፤ ቅቤ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ዓይነቱ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚስብበትን በር ይቀንሳል። ሐረር ላይ ሰው ጠዋት ጄሪካኑ ረግቶ ሲያገኘው ያውቀዋል። ድሬ ላይ ግን ሙቀቱ ስለሚያቀልጠው ፈሳሽ ሆኖ ይውላልና "የኔ ዘይት አይረጋም" ይባላል። ትንሽ በብርጭቆ ቀድቶ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ጠዋት ጠንክሮ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ወይም ፓልም የተቀላቀለበት ነው። የሱፍ፣ የኑግና የአኩሪ አተር ዘይት ፍሪጅ ውስጥም ፈሳሽ ሆኖ ያድራል።

ትራይግሊሰራይዱ 260 የሆነው ግን በዘይት ብቻ አይደለም። ስኳርና ዱቄት ሲበዛ፣ ስኳር በሽታውም ሳይያዝ ሲቀር ጉበት ራሱ ስብ እየሠራ ወደ ደም ይልካል። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ከሰዓት በጫት ላይ ሁለት ጠርሙስና አራት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ የሚወስድ ሰው "ሥጋ አልነካም፣ ስቡ ከየት መጣ?" ቢል መልሱ እዚያ ነው።

ጁገል ላብ፦

ስለ ቁጥሮቹ። ኤልዲኤሉ ካልተለካ በስሌት ይወጣል፦ ከጠቅላላው ኤችዲኤሉንና የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛ መቀነስ። 238 ሲቀነስ 42፣ ሲቀነስ 52፣ ይሆናል 144። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፤ በቀጥታ ይለካ። ከ500 ካለፈ ደግሞ ጉዳዩ የኮሌስትሮል መሆኑ ቀርቶ የቆሽት ቁጣ ስጋት ይሆናል፤ ተልባ እየጠጡ የሚጠብቁት አይደለም።

አሁን 144ን ልብ በሉት። አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ኤልዲኤልን 40 ፐርሰንት ገደማ ያወርዳል። በትክክል እየዋጠች 144 ከሆነች ሳትውጥ 240 ነበረች ማለት ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሻዩን ስትጀምር ኪኒኑን ትታው እንደሆነ መጀመሪያ ይጠየቅ። ስኳር ላለበት ሰው የሚፈለገው ቢያንስ ከ100 በታች፣ በብዙ መመሪያዎች ደግሞ ከ70 በታች ነው። ስታቲንን በእጥፍ መጨመር ተጨማሪ 6 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ደቻቱ የጻፈው የገብስ መጠን ከዚያ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ገብሱና ተልባው ከኪኒኑ ጋር ነው ዋጋ ያላቸው፤ በምትኩ አይደለም።

ለውጡን የሚለካ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቅ፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀይር፣ ያው ላብራቶሪ ይሂድ፣ ከመለካቱ በፊት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ከምግብ ይታቀብ (ውሃ ይጠጣ)። ትራይግሊሰራይድ በአንድ ሰው ላይ ራሱ ከቀን ወደ ቀን በ20 ፐርሰንት ገደማ ይዋዥቃል፤ ከ260 ወደ 220 መውረድ በራሱ ምንም አያረጋግጥም። በሁዳዴ መጨረሻ የተለካን ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ከተለካ ጋር ማወዳደርም አይሆንም፤ ቅቤና ሥጋ ቆሞ የነበረበት ደም ነው።

የሳቢያን ፋርማሲስት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ገለታ ይግባችሁ። ሁለት ልጨምር። "የሐሞት ጠጠር ያወጣል" ተብሎ የወይራ ዘይትና ሎሚ በሌሊት የሚጠጣው ነገርስ? ጠዋት አረንጓዴ ጠጠር ወጣ ብለው ፎቶ ያሳዩኛል። ሌላው፣ የታይሮይድ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ተልባና አብሽ በስንት ሰዓት ይራቅ?

ኤረር በር፦

ጠጠሩ ሳሙና ነው። ያን ሁሉ ዘይት ላይፔዝ ሲያፈርሰው የወጣው ፋቲ አሲድ ከሎሚው ፖታሲየምና ከአንጀቱ ማዕድናት ጋር ተጣብቆ ይድቦለቦላል፤ አረንጓዴነቱ ከሐሞት ነው። ለብ ባለ ቦታ ሲያድር ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፤ እውነተኛ የሐሞት ጠጠር እንዲህ አይሆንም። አደጋው ሌላ ነው። አንድ ኩባያ ዘይት በአንድ ጊዜ ሲገባ ኮሌሲስቶካይኒን በብዛት ይለቀቃል፣ ከረጢቱ በኃይል ይጨመቃል፣ ትንሽ ጠጠር ካለ ቱቦው ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቢጫነት፣ ትኩሳትና ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ጠጠር መኖሩ የሚታወቀው በአልትራሳውንድ ነው።

ለገሀሬ፦

የታይሮይዱ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ፤ ተልባ፣ አብሽና ሌላ የሚያብጥ አሰር ኪኒኑ ከተዋጠ 4 ሰዓት ካለፈው በኋላ። ቀላሉ አካሄድ ኪኒኑን ጠዋት፣ ተልባውን ከሰዓት ወይም ከእራት በፊት ማድረግ ነው። ለሌሎቹ መድኃኒቶች 2 ሰዓት ይበቃል፦ መድኃኒቱ ቀድሞ፣ ተልባው ተከትሎ።

ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድርቀትና አንገቱ ላይ እንቅርት ካለው ደግሞ ስታቲንም ተልባም ከመጨመሩ በፊት ቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) ይለካ። ታይሮይድ ሲያንስ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም መሳቡ ይዳከማል፤ ታይሮይዱ ሲስተካከል ኮሌስትሮሉም አብሮ ይወርዳል። ለዚያ ሰው ቀፊራ ላይ የሚሸጥ ሻይ የለም።